ወደ መንገድ የወደቀው ድንጋይ

አራርሳን ያገኙት ከኖፓ ቅቤ ይዘው ወደ መቱ ገበያ የሚያልፉ ሴቶች ናቸው። በአዲሱ የከተማ አዳራሽ ጥግ ቆሞ የነበረው ጥቁር ድንጋይ ተጋድሞ ሲያዩ፣ ከፊት ያለችው ሴት፣ እግዜር ይመስገን፣ ተገላገልን አለች። ጠጋ ስትል ከድንጋዩ ሥር የወጣ የሰው ራስ አየች። ቅቤዋን እዚያው ጥላ ሮጠች።

የአዳራሹ ዘበኛ ነው። ከወገቡ በታች ድንጋዩ ሥር ነው፤ ከወገቡ በላይ ጭረት እንኳ የለበትም።

ሚስቱ ዱሬቲ ስትደርስ ሕዝቡ ከቦታል። ሊይዟት የሞከሩትን ገፍታ አለፈች። አላለቀሰችም። ዝቅ ብላ የባሏን እጆች አየች። ጣቶቹ ጭቃውን ቆፍረውታል፤ ጥፍሮቹ ውስጥ አፈር ሞልቷል።

ወዲያው አልሞተም ማለት ነው። ድንጋዩ ከተጫነው በኋላ ቆይቷል፣ ታግሏል፣ ጮኋል። የኢሉባቦር ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ግን እንኳን የአንድ ሰው ጩኸት ነጎድጓድም አያሰማም። ዱሬቲ ያን እጅ አቅፋ ተቀመጠች። ገዳይህን ሳላውቅ አልተኛም አለችው። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሰችው።

እንግዲህ ስለዚያ ድንጋይ መናገር አለብኝ። መቱ ውስጥ ያን ድንጋይ የሚወድ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ያቆመው ሰው ነው።

ጣሊያን ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎ፣ የመቱ ሕዝብ አዋጥቶ አዳራሽ ያሠራ ነበር። ደጁ ላይ ሐውልት ይቁም ተባለ። ጎሬ ተወልዶ ፈረንጅ አገር ሐውልት መቅረጽ ተምሮ የመጣ ገብረ መድኅን የሚባል ሰው ነበርና እሱ ተጠራ። ሁሉም አንበሳ ነው የጠበቀው። ሰውዬው ግን ከግድግዳው ጥግ አንድ ስንዝር ብቻ ራቅ አድርጎ ረጅም ጥቁር ድንጋይ አቆመና ጨርሻለሁ አለ። በግድግዳው በኩል ለስልሷል፣ በመንገዱ በኩል እንደተፈለጠ ቀርቷል። ዓይን የለው፣ አፍ የለው፣ ጭራ የለው።

አንበሳው የት አለ ብለው ቢጠይቁት ሰዎቹን ከመንገድ ማዶ አቆማቸው። በድንጋዩና በግድግዳው መሐል ከታች እስከ ላይ ቀጥ ያለ ቀጭን ሰማይ ይታያል። ሥራዬ ያ ነው አላቸው። ድንጋዩ ብቻውን ምንም አይደለም፣ ሕንጻውም ብቻውን ምንም አይደለም፤ ሁለቱ ሲቆሙ ነው መሐላቸው ሰማይ የሚወጣው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሰማዩንማ ድሮም በነፃ እናየው ነበር ብሎ አንዱ ትቶት ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ጥላቻው ባሰ። ቦታው ላይ ድሮ አሮጊቶች ቅቤ የሚቀቡት ትልቅ ዋርካ ነበር። ለአዳራሹ ሲባል ተቆረጠ። አሮጊቶቹ ግን ዋርካቸውን አልረሱም፤ ድንጋዩ ሲቆም እሱን ቅቤ ይቀቡት ጀመር። ካህናቱ ጣዖት ነው ብለው ተቆጡ። በዐቢይ ጾም ደግሞ ድንጋዩ አዘመመ የሚል ወሬ ተነሣ። እውነትም ያቺ ቀጭን ሰማይ ከታች ስንዝር ሆና ከላይ ሦስት ጣት ቀርታለች። ድንጋዩ ወደ ቤቱ እያጋደለ ነው፣ አንድ ቀን ሰው ይጨርሳል ተባለ። ዱሬቲም ብላለች። ባሏ በዚያ ጥግ በሚያድርባት የቆርቆሮ ቤት ምክንያት ድንጋዩን እያየች ስትራገም ነው የከረመችው።

አሁን የፈራችው ደረሰ።

የፖሊሱ አዛዥ መቶ አለቃ አሰፋ ዝናብና መቱን እኩል የሚጠላ ሰው ነበር። እዚያው ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ መረመረ። መጀመሪያ ያስጠራው ወርቅውሃን ነው። የዱሬቲ ጎረቤት ናት፤ ወላጆቿ ከሸዋ የመጡ፣ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ አፏ የማያርፍ። ድንጋዩን በገዛ እጄ እጥለዋለሁ ስትል ከተማው ሁሉ ሰምቷታል።

"ብለዋል ወይስ አላሉም?"

"ብያለሁ። ብችል ኖሮ በሰሙነ ሕማማት ገፍቼው ነበር።"

"ትናንት ማታ የት ነበሩ?"

"ከዱሬቲ ጋር። ባሏ ያዮ ማር ሊቆርጥ ሄዶ ብቻዋን ስለነበረች።"

መቶ አለቃው ቀና አለ። ዘበኛው ፈቃድ ላይ ነበር? ፈቃዱን የሰጠው የአዳራሹ ሥራ ተቋራጭ አቶ ቀነዓ መልሱን ራሱ ሰጠ። አዎ፣ ሂድና ማርህን ቁረጥ ብዬ ነበር፤ መቼ እንደተመለሰ አላውቅም፤ ምናልባት ጠጅ ቀማምሶ ድንጋዩ ሥር ተኝቶ ይሆናል አለ። ቀነዓ የኖፓ ሰው ነው፤ በከተማው የጭነት መኪና ካላቸው ጥቂቶች አንዱ። ይህን ብሎ ባርኔጣውን አወለቀና አለቀሰ።

ዱሬቲ ግን ከቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ የማር ማሰሮ አውጥታ አሳየች። አፉ እንደታሸገ ነው። ባሌ ያዮ ደርሶ ማሩን ይዞ ሳይውል ሳያድር የተመለሰ ሰው ነው፣ ጠጅ የት አግኝቶ ይጠጣል ስትል መቶ አለቃው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ዓይኑ ያረፈው ገብረ መድኅን ላይ ነው።

"የተከልከው አንተ ነህ?"

"አዎ።"

"ማዘመሙን ከተማው ሲያወራ አልሰማህም?"

"ሰምቻለሁ። ድንጋዬ አላዘመመም።"

"ታዲያ ለምን ወደቀ?"

"አልወደቀም። ጣሉት።"

"ማን?"

"የሚጠላው ብዙ ነው። ማንን ልንገርህ?"

ሕዝቡ አጉረመረመ። ከኋላ ጭቃ ወረወሩበት። ዱሬቲ ተነሥታ መጣችና ፊቱ ላይ ተፋችበት። አልጠረገውም። መቶ አለቃው፣ በቸልተኝነት ሰው ገድለሃል ብሎ አሰረው፤ ከተማው እፎይ አለ።

አራርሳ ተቀበረ። ለቅሶ ቤቱን የሞላው ቀነዓ ነው ማለት ይቻላል። ወይፈን አምጥቶ አሳረደ፣ ዳስ አስጣለ፣ ከፊት ተቀምጦ አለቀሰ። ሰው ሁሉ አመሰገነው። ዱሬቲም ልቧ ተነክቶ እግዜር ይስጥዎ ጋሼ አለችው።

በማስተናገድ የደከመችው ወርቅውሃ ግን ማታ ላይ ማማረር ጀመረች። ሰውዬው ኮራ ብሎብናል አለች። የራሱን ወይፈን ወጥ እንኳ አልቀመሰም። በቀብሩ ዕለት ሆዴን አሞኛል አለ፤ እሺ። ንፍሮ ስትሰጠው ለጎኑ ሰው አሳለፈው። ረቡዕ ዕለት ደግሞ እጾማለሁ አለ።

"ፋሲካ ካለፈ ገና ሃምሳ ቀን ሳይሞላ የሚጾም ክርስቲያን ዘንድሮ አየሁ" አለች ወርቅውሃ። "በእነዚህ ቀኖች ረቡዕም ቢሆን ጾም የለም። ሰውዬው ውሃ እንኳ በቤትሽ አልጠጣም።"

ዱሬቲ ኩራት ነው ብላ አለፈችው። ባለ ባርኔጣ ሰው ነው፤ የዘበኛ ቤት ምግብ ተጠይፎ ይሆናል።

በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። ለገብረ መድኅን ምሳ ይዛ ነው የሄደችው። ከአዘኔታ እንዳይመስላችሁ። በእነሱ አገር ወግ ደም ያለባቸው ሰዎች ጉማ የሚባለው የደም ካሳ ተከፍሎ እስኪታረቁ ድረስ ከአንድ ቤት አይበሉም፣ ከአንድ ዕቃ አይጠጡም። የገደለ ሰው የሟችን ቤት እህል ቢቀምስ በሆዱ ይዞት ይሞታል ተብሎ ይፈራል። ጎሬ ያደገ ሰው ይህን ያውቃል። ሳህኑን ገፍቶ በገዛ እጁ ሲያምን ማየት ነው የፈለገችው።

ሳህኑን በፍርግርጉ አስገባችለት። የአራርሳ ቤት እህል ነው አለችው። ገብረ መድኅን ሳህኑን አየ፣ እሷን አየ። ዘመዱ ጎሬ ነው፤ ስንቅ የሚያቀብለው አልነበረም። ተቀምጦ በላ። ጠርጎ በላ። ውሃውንም ጨለጠ።

ዱሬቲ ተናደደች። ጥላቻዋን የምታሳርፍበት ሰው አመለጣት።

"እንዴት በላህ?" አለችው።

"ስለራበኝ። እትዬ፣ ባልሽን የኔ ድንጋይ ነው የገደለው፤ እኔ ግን አልገደልኩትም። አንድ ነገር እዪልኝ። ድንጋዩ ወደ ቤቱ አዘመመ ነው የሚሉት። በራሱ ቢወድቅ ኖሮ ወዴት ነበር የሚወድቀው?"

ወጥታ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ሄደች። ድንጋዩ አሁንም ተጋድሟል። ጫፉ ወደ መንገዱ ነው። ወደ ቤቱ ያዘመመ ነገር ቤቱን ትቶ ወደ መንገድ እንዴት ይወድቃል? ባሏን ስታይ፣ ሰዉን ስታይ፣ ይህን ሳታይ መቅረቷ አሳፈራት። ከዚያ ግድግዳውን አየች። ጥጉ ላይ፣ በደረቷ ቁመት፣ ሳህን የምታህል አዲስ ልስን አለች። ኖራው ገና ነጭ ነው። ሌላው ግድግዳ በዝናብ ገርጥቷል።

ከተማው አራርሳን ሲቀብር ማን ነው እዚህ ኖራ የለሰነው?

ያን ጊዜ የቀነዓ ያልተነካ ኩባያ ትዝ አላት። ወርቅውሃን ሄዳ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀቻት። ድንጋዩ አዘመመ የሚለውን ወሬ መጀመሪያ ከማን ሰማሽ? ወርቅውሃ ብዙ አላሰበችም። ከቀነዓ ነዋ አለች፤ ማንም ልብ ሳይለው እሱ ነው መንገድ ላይ እያስቆመ ያሳየን።

መቶ አለቃ አሰፋ ዱሬቲን ሲያያት ፊቱን አጠቆረ። አንቺ ሴትዮ፣ ሂጂ ለቅሶሽን ተቀመጪ አላት። አልሄደችም። ስለ እህል ውሃው ብትነግረው እንደሚስቅባት ገብቷታል፤ ድንጋዩ የወደቀበትን አቅጣጫና አዲሷን ልስን ብቻ ነገረችው። ገብረ መድኅን ከፍርግርጉ ውስጥ ሆኖ ጮክ ብሎ፣ ጠረጴዛህ ላይ ካስቀመጥከው ዕቃዬ ውስጥ ቱንቢ አለ፤ የቆመ ነገር ቀጥ ማለቱን ይነግርሃል፤ ግድግዳው ላይ አንጠልጥለው አለው።

መቶ አለቃው ሁለቱንም ተሳድቦ ተነሣ። ቱንቢውን ግን በኪሱ ከተተ።

ከሰዓት በኋላ ሕዝቡ አዳራሹ በረንዳ ላይ እንዲሰበሰብ አዘዘ። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ካህናቱ መጡ፣ ወርቅውሃ መጣች። ቀነዓ አዲስ ካፖርት ለብሶ ከፊት ቆመ። ገብረ መድኅን እጁ በሰንሰለት እንደታሰረ መጣ። አንድ ፖሊስ መሰላል ላይ ወጥቶ ቱንቢውን ከጣሪያው ጥግ ለቀቀው። ክሩ ከላይ ግድግዳውን ነክቷል። ከታች ግን በክሩ ጫፍ የታሰረው እርሳስ ከግድግዳው በጣም ርቆ ተንጠለጠለ።

ለጊዜው ማንም አልገባውም። ቀጥሎ ሁሉም አንድ ላይ ገባው። ያዘመመው ድንጋዩ አይደለም። ቤቱ ነው።

"አቶ ቀነዓ፣ ይህን ጥግ የሠራኸው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ። አፈሩ ነው፤ የዚህ አገር አፈር..."

"ዋርካው እዚህ ነበር?"

"ነበር።"

"ሥሩን ነቅለሃል?"

"ነቅያለሁ።"

"ቆፍሬ ልየው?"

መቶ አለቃው ወደ ነጯ ልስን ዞረ።

"ይቺን ማን ለሰናት?"

"እኔ። ድንጋዩ ሲወድቅ ግድግዳውን ላጠው።"

"ወደ መንገድ ሲወድቅ?"

ቀነዓ ምላሱ ያመጣውን ነገር ዘግይቶ ነው የሰማው። መቶ አለቃው በሳንጃ ጫፍ ኖራውን ፈለፈለው። ሥሩ ያለው ጡብ ተሰባብሯል፤ የከባድ ብረት አራት ማዕዘን ቅርጽ በጡቡ ላይ ታትሟል።

"መኪናህን የምታነሣበት ክሪክ የት ነው?"

"ጠፍቷል።"

"መቼ?"

"ሰሞኑን።"

"የግቢህ ጉድጓድ ውስጥ ብፈልገው አገኘዋለሁ?"

ቀነዓ ግን ቶሎ የሚረታ ሰው አልነበረም። ዓይኑን በጨው አጥቦ ቀና አለ። ክሪኩን ሠራተኞቼ ሁሉ ያነሡታል አለ። ድንጋዩን የማይጠላ የለም፤ አንዱ ሰክሮ አደረገው ይሆናል። ልስኑን የለሰንኩት የሠራሁት ቤት እንዳያሳፍረኝ ነው። አዘመመ ካላችሁም አቀናዋለሁ። አራርሳን ግን እንደ ወንድሜ ነው የቀበርኩት፤ ጠይቁ። ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እውነት ነው፤ ወይፈኑን በልተዋል። ሰውዬው ከመቶ አለቃው እጅ ሊያመልጥ ነው።

በዚህ መሐል ዱሬቲ ከወርቅውሃ ጋር ብርዝ ይዛ ገባች። ሰዉ ቆሞ ደክሟል፣ ጉሮሮው ደርቋል። መቶ አለቃው ጨለጠ። ካህናቱ ጠጡ፣ ሽማግሌዎቹ ጠጡ። ገብረ መድኅን በታሰረ እጁ ተቀብሎ ጠጣ። ቀነዓም ኩባያውን ተቀብሎ ወደ አፉ አስጠጋ። ላብ በግንባሩ ይወርድ ነበር፤ ውሃ ጠምቶታል።

"ይጠጡ እንጂ ጋሼ" አለች ዱሬቲ። "የአራርሳ ማር ነው። የዚያን ዕለት ይዞት የመጣው።"

ኩባያው ከከንፈሩ ላይ ቀረ።

ሽማግሌዎቹ አዩት። ከመካከላቸው አንዱ፣ የቀነዓ የሥጋ ዘመድ የሆነው፣ ቀስ ብሎ ከአጠገቡ ፈቀቅ አለና ራቅ ብሎ ቆመ። ሌላው ተከተለው። መቶ አለቃው ግራ ገብቶት ከአንዱ ወደ ሌላው ያያል።

"በቀብሩ ዕለት አልቀመሱም" አለች ዱሬቲ። "ረቡዕም አልቀመሱም። ዛሬም ካልቀመሱ፣ ለምን እንደሆነ ለመቶ አለቃው ይንገሩት።"

ቀነዓ ኩባያውን በሁለት እጁ ያዘ። እንደገና አነሣው። ብርዙ ካፖርቱ ላይ ፈሰሰ። መሬት ላይ አስቀመጠውና አብሮት ቁጭ አለ።

ከዚያ ተናገረ። የዋርካው ሥር ትልቅ ነበር፤ ነቅሎ በድንጋይ መሙላት ሥራውን ያዘገይበታል ብሎ አፈር አልብሶት ግድግዳውን በላዩ አቆመ። ሥሩ በሰበሰ፣ ጥጉ ሰመጠ። የተሰነጠቀውን እየለሰነ ይደብቅ ነበር። ያ ድንጋይ ባይኖር ማንም አያውቅም። ድንጋዩ ግን እዚያው አጠገቡ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ያቺ ሰማይ በየጊዜው ስትጠብ ለመንገደኛ ሁሉ ያሳይበታል። ሰው ሳይነቃበት ድንጋዩ ነው ያዘመመው ብሎ ቀድሞ አስወራ። አዳራሹን ለመመረቅ ከጎሬ ባለሥልጣን ይመጣል ሲባል ግን ጨነቀው። ለጣሪያ ውሃ ነው ብሎ በመንገዱ በኩል ቦይ አስቆፍሮ የድንጋዩን ሥር አላላ። ዘበኛውን ወደ ያዮ ላከ። በዝናቡ መሐል ክሪኩን በግድግዳውና በድንጋዩ መሐል ወትፎ ይጠመዝዝ ጀመር። ወደ ግድግዳው በኩልማ ሊጥለው አልቻለም፤ ቤቱ ይፈርስበታል።

አራርሳ የዚያን ጊዜ ደረሰ። ሌባ መስሎት ሮጦ መጣ። ድንጋዩ ሲያጋድል በደረቱ ሊደግፈው ሞከረ።

"እሱን ልገድል አልነበረም" አለ ቀነዓ። "በእናቴ፣ አላየሁትም ነበር።"

"ከወደቀበት በኋላስ?" አለች ዱሬቲ። "ባሌ ወዲያው አልሞተም። እጁን አይቼዋለሁ።"

ቀነዓ ኩባያውን ከአጠገቡ ገፋ አደረገው።

"ባሌ ምን አለህ?" አለችው። አንቱታውን ጥላዋለች። "ሲሞት አጠገቡ የነበርከው አንተ ነህ። ምን አለህ?"

"ቢሻን ናፍ ኬኒ አለኝ።"

ውሃ ስጠኝ ማለት ነው። መቶ አለቃው እንኳ ኦሮምኛውን አወቀው።

"ውሃ አልነበረህም?"

"ኖራ የማቦካበት ባልዲ... ውሃው ንጹሕ ነበር። አጠገቤ ነበር።" አንገቱን ደፋ። "ከተረፈ ይናገራል ብዬ ፈራሁ። ድምፁ እስኪጠፋ ቆሜ ጠበቅሁ።"

ዱሬቲ እሱ ያስቀመጠውን ኩባያ አነሣች። ባሏ በጣቱ የቆፈረው ቦታ ላይ ሄዳ አፈሰሰችው። ከኋላዋ ስታለቅስ የሰማቻት ወርቅውሃን ነው።

ቀነዓ ታሰረ። ገብረ መድኅን ወረቀቱ አልቆ ከቀናት በኋላ ተፈታ፤ ይቅርታ የጠየቀው ግን የለም። ጭቃ የወረወሩበት ሰዎች መንገድ ሲለውጡ ብቻ ያይ ነበር። ዱሬቲም አልጠየቀችውም። ስንቅ መላኳን ግን እስኪፈታ አላቋረጠችም ነበር፤ እሱም ገብቶታል።

ከክረምቱ በኋላ የቀነዓ ዘመዶች ለጉማ ሽማግሌ ላኩ። ከብት አቀረቡ። ዱሬቲ ከብቱን አላየችም። ድንጋዩን ራሳችሁ አቁሙት አለች። እናንተ በእጃችሁ፣ በነበረበት፣ ገብረ መድኅን ቱንቢውን ይዞ እያሳያችሁ። ድንጋዩን እጅግ የምትጠላው እሷ ነበረች፤ አሁንም አልወደደችውም። ይቁም ነው ያለችው።

መጡ። የቀነዓ ወንድሞች፣ የአጎቶቹ ልጆች፣ ሽማግሌዎቻቸው ሳይቀሩ ካፖርታቸውን አውልቀው ገቡበት። ድንጋዩ ከባድ ነው። በገመድ ሳቡት፣ በእንጨት ደገፉት፤ ዳግም ተንሸራተተ፣ ዳግም አነሡት። ሰዉ ከመንገድ ማዶ ቆሞ ያያል። ፀሐዩ ጠንካራ ነበር። ድንጋዩ ሲቆም፣ በባላ በተደገፈው የአዳራሹ ጥግና በድንጋዩ መሐል ያቺ ሰማይ ተመልሳ ታየች፤ ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ።

ሰዎቹ ላባቸው ጠብ እያለ መሬት ላይ ተዘረሩ። ከመካከላቸው ሽማግሌው ዱሬቲን ቀና ብሎ አያትና ዓይኑን ሰበረ። መጠየቅ ፈርቷል፤ ጥሙ ግን አሸነፈው።

"ልጄ፣ ቢሻን" አላት።

ዱሬቲ ፊቷን ሳትፈታ ወደ እንስራው ሄደች፣ ኩባያውን ሞልታ መጣችና በሁለት እጇ ሰጠችው።